ያውቁ ኖሯል? የድመት ቆዳ፣ የዶሮ አንጀት፣ የንብ ማር ከረጢት!

ያውቁ ኖሯል? አንቲባዮቲክ ያቃተውን ጀርም የሚያሸንፍ ባክቴሪያ አሁን በዚህች ሰዓት ሶፋዎ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ ይሆናል! የት? ድመትዎ ቆዳ ላይ! ስሙ ስታፊሎኮከስ ፌሊስ ይባላል። ፌሊስ በላቲን ድመት ማለት ነው። በ2021 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች ይህን ባክቴሪያ ከጤነኛ ድመት ወሰዱ። መድኃኒት በተላመደ ጀርም የተለከፈ የአይጥ ቆዳ ላይ አሳረፉት። ቅርፊቱም መቅላቱም ቀነሰ! (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

የተሸነፈው ጀርም ዋዛ እንዳይመስልዎ! ውሻን በእከክ የሚያሰቃይ፣ ሜቲሲሊን የተባለውን መድኃኒት የናቀ፣ አልፎ አልፎም ወደ ሰው የሚሻገር ጉልበተኛ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ለድመት ባክቴሪያ ተንበረከከ! የውሻን በሽታ በድመት! እንዲህ ያለውን ተረት ውስጥ እንኳ አልሰማሁም።

ነገሩ ምን ያህል ያስፈራል? በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ሞተዋል! በዚያ ዓመት ወባ ከገደላቸው ይበልጣሉ! ኤችአይቪ ከገደላቸውም ይበልጣሉ! ሕመማቸው ከእነዚሁ ጀርሞች ጋር የተያያዘው ሟቾች አብረው ሲቆጠሩማ ቁጥሩ ወደ 4.95 ሚሊዮን ይደርሳል!

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ይህ ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር! መቼ? በ1945፣ የኖቤል ሽልማቱን በተቀበለበት ንግግር! መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ጀርሙን ያለማምደዋል አለ። በሠርጉ ቀን ስለ ዕዳ የሚያወራ ሙሽራ ይመስላል!

አሁን ወደ ዶሮ! በ1971 ፊንላንድ ውስጥ የሥጋ ዶሮዎች በሳልሞኔላ ተወረሩ። ኤስኮ ኑርሚ የተባለ ተመራማሪ አንድ ነገር ከነከነው፦ ትልቁ ዶሮ ጀርሙን ሲቋቋም ጫጩቱ ለምን ይሸነፋል? ከዚያ ያደረገውን ቢሰሙ አፍንጫዎን ይይዛሉ! ከጤነኛ ትልልቅ ዶሮዎች አንጀት ውስጥ ያለውን ወስዶ ለጫጩቶች አጎረሳቸው!

ጫጩቶቹስ? ሳልሞኔላ ሲሰጣቸው አብዛኞቹን ሊይዛቸው አልቻለም! ኑርሚና ባልደረባው ራንታላ ውጤቱን በ1973 ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡት። የዓለም ሳይንስ ከፍተኛ መድረክ ላይ የዶሮ ኩስ ወጣ!

ምስጢሩ ምን መሰለዎት? ቦታ መያዝ! ታክሲው ሞልቶ ረዳቱ በሩን ሲዘጋ አስፋልት ላይ የቀረው ሰው ምን ያደርጋል? ይቀራል! የትልቁ ዶሮ ባክቴሪያዎችም የጫጩቱን አንጀት ወንበር ወንበሩን ያዙት። ሳልሞኔላ መጣ። ሞልቷል!

የባሰውን ልንገርዎ! ጫጩቱን ያጋለጠው ንጽሕናው ነው! እናቱ አቅፋ የፈለፈለችው ጫጩት ከቅርፊቱ እንደወጣ እናቱ ስትጭር ይጭራል፣ ከኩሷ መሐል ይለቅማል፤ ጠባቂዎቹን እግረ መንገዱን ይውጣቸዋል። በማሽን የተፈለፈለው ግን እናት አያውቅም። አንጀቱ ሰው ያልገባበት ቤት ነው። እሱን ለመያዝ ጥቂት የሳልሞኔላ ህዋሶች ይበቃሉ!

የዶሮ አንጀት ባክቴሪያ የመንግሥት ፈቃድ አገኘ ቢባሉ ያምናሉ? በ1998 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከዶሮ አንጀት የተገኙ የ29 ዓይነት ባክቴሪያዎች ድብልቅ አጸደቀ! ድብልቁን ያዘጋጁት ቴክሳስ ውስጥ የመንግሥት የግብርና ተመራማሪዎች ናቸው። አሰጣጡን ይመልከቱ! አዲስ በተፈለፈሉ ጫጩቶች ላይ እንደ ካፊያ ይረጫል። እነሱም ላባቸውን ሲያበጥሩ ይውጡታል! መርፌ የለ፣ ማንኪያ የለ!

አንጀቱ ሲራቆትስ ምን ይሆናል? በ1954 ቺካጎ ውስጥ አይጦች ላይ ታይቷል። ጤነኛን አይጥ በሳልሞኔላ ለመያዝ ወደ 100,000 የሚሆኑ ጀርሞች ያስፈልጉ ነበር። አንድ ጊዜ ስትሬፕቶማይሲን ከዋጠች በኋላስ? ከ10 ያነሱ በቁ! መድኃኒቱ ጠባቂዎቹን ጨርሶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው!

ንብን ደግሞ እንይ! ንብ አበባ የምትቀስምበት ሌላ "ሆድ" እንዳላት ያውቁ ኖሯል? ለራሷ አትበላበትም፤ ማር መሸከሚያ ከረጢት ነው። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከረጢቱን ሲከፍቱ ምን አገኙ? 13 ዓይነት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች! ወተትን እርጎ የሚያደርጉት የእነዚያ ዘመዶች! ንብ ሆድ ውስጥ እርጎ ቤት!

በ2014 እነዚያን 13 ባክቴሪያዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአደገኞቹ ጋር አፋጠጧቸው። ሆስፒታሎችን ከሚያስጨንቀው፣ ሜቲሲሊንን ከናቀው ስታፊሎኮከስ ኦረስ (ኤምአርኤስኤ) ጋር! ቫንኮማይሲን ከማይበግረው ኢንተሮኮከስ ጋር! ቁስል ላይ ከሚሰፍረው ሱዶሞናስ ጋር! አንዱም አልቀረም፤ ሁሉንም አዳከሟቸው!

ከዚያስ? ፈረሶች! ብዙ ተሞክሮባቸው ቁስላቸው አልድን ያለ 10 ፈረሶች ተገኙ። ባክቴሪያዎቹ ከማር ጋር ተለውሰው ቁስሉ ላይ ተቀቡ። ስንቱ ዳነ? አሥሩም! አሥር ፈረስ ብዙ አይደለም ይሉ ይሆናል፤ እውነትዎን ነው። አሥር ከአሥር ሲሆን ግን ዓይን ይስባል!

አንድ ጉድ ግን አለው! ባክቴሪያዎቹ በሕይወት የሚገኙት ገና ከቀፎ በወጣ ማር ውስጥ ነው። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ የሉም! ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው ማር ጣፋጭ ነው፤ ወታደሮቹ ግን አልቀዋል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ መሆኗን ያውቃሉ፤ ስንት ሚሊዮን የማር ከረጢት በየአበባው ላይ እንደሚበር እስቲ ያስቡት! (ቁስል ካለብዎ ግን ቀፎ ፍለጋ አይሂዱ፤ ሐኪም ይሻላል።)

ስለምትገማው ወፍስ ሰምተዋል? ጉትያዋን እንደ ዘውድ የምትዘረጋ፣ መንቆሯ እንደ ወስፌ የረዘመ ወፍ ናት። እንግሊዞች ሁፖ፣ ዐረቦች ሁድሁድ ይሏታል። ቁርኣን ውስጥ የሳባን ንግሥት ወሬ ለንጉሥ ሰሎሞን ያደረሰችው ወፍ እሷ ናት! እስራኤልም በ2008 ብሔራዊ ወፏ አድርጋ መርጣታለች። በእኛም ሜዳ መሬቱን በመንቆሯ ስትወጋ ትታያለች። ግን ዕንቁላል ስትታቀፍ አይጠጓት!

ለምን? ጅራቷ ሥር ያለው የቅባት ዕጢ ያን ሰሞን ጠቆር ያለ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ቅባት ማውጣት ይጀምራል! ስፔን ውስጥ ያጠኗት ሰዎች ቅባቱን ሲመረምሩ ባክቴሪያ ሞልቶበት አገኙት። ባክቴሪያው ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል ፕሮቲን ያመርታል። ንግሥት የምታስጠራዋ ወፍ ሽቶዋ ጀርም ነው!

እናቲቱ ያን ቅባት በመንቆሯ እየጠቀሰች ዕንቁላሎቿን ትለቀልቃለች! ሰማያዊ ግራጫ የነበረው ዕንቁላል ቡናማ ይሆናል። ቅርፊቱም ላይ ቅባቱን የሚይዙ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ! ሌሎች ወፎች ይህ የላቸውም። ቅርፊት ላይ የተቆፈረ የባክቴሪያ ምሽግ!

ከሁሉ የሚገርመው የባክቴሪያው ማንነት ነው። ኢንተሮኮከስ ፊካሊስ! ሆስፒታል ውስጥ ስሙ ሲነሳ ሐኪም የሚያሳስበው ያው ራሱ! ከመድኃኒት ጋር ግብግብ የሚገጥመው ያው! አልጋ ላይ ያለን በሽተኛ የሚያጠቃው ዝርያ ሌላ፣ ወፏ ቅባት ውስጥ የሚጠብቀው ዝርያ ሌላ። የአንድ ቤተሰብ ልጆች፤ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ዘበኛ!

ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች ገበሬዎች መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? ቅጠል እየቆረጡ በመሬት ውስጥ ዋሻቸው ፈንገስ ያመርታሉ፤ የሚበሉትም እሱን ነው። የሰው ልጅ እርሻ ከጀመረ 12,000 ዓመት ቢሆነው ነው። የጉንዳኖቹ ወገን ግን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት አርሷል!

እርሻ ካለ አረም አለ! የጉንዳኑን እርሻ የሚያጠፋ ሌላ ፈንገስ አለ። ጉንዳኖቹ ምን ይረጩበታል? ደረታቸው ላይ ዱቄት የተነፋባቸው የሚመስል ነጭ ነገር ይታያል። ለዘመናት ሰም ነው ይባል ነበር። በ1999 ካሜሮን ከሪ የተባለ ተመራማሪ ቀርቦ ሲያየው ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ሆኖ አገኘው! አንቲባዮቲክ የሚያመርት ባክቴሪያ! ፋርማሲውን ደረቱ ላይ ለብሶ የሚሄድ ገበሬ!

ወደ ሠፈራችን እንቅረብ። ኬንያ ውስጥ የግራር እሾህ ላይ ባበጠ ቤት ውስጥ የምትኖር ጉንዳን አለች። እሷ ላይ የተገኘው ባክቴሪያ ስትሬፕቶማይሲስ ፎርሚኬ ተባለ። በ2017 ከእሱ ያወጡት ንጥረ ነገር ኤምአርኤስኤን ገደለው! ጀርሙን ለ20 ትውልድ ከዚያ ንጥረ ነገር ጋር አቆዩት፤ መላመድ አልቻለም! የግራር እሾህ ካልሲ ቀዶ እግር የሚወጋ ብቻ ነው ብለን ስንረግመው ኖረናል።

ንብ አዳኝ ተርብ ደግሞ ባክቴሪያዋን የምትሸከመው የት ይመስልዎታል? አንቴናዋ ውስጥ! ዕጭዋን የምታኖርበትን ጉድጓድ በአንቴናዋ ትቀባዋለች። ዕጩ ያን ነጭ ቅባት ወስዶ ድሩ ላይ ይለቀልቀዋል። ዘጠኝ ወር ያህል አፈር ውስጥ ቢተኛ ሻጋታ አይነካውም!

ሽሪምፕ እንኳ ትችልበታለች! የአንዲት ሽሪምፕ ዕንቁላሎች ላይ ባክቴሪያ ሞልቶ ተገኘ። በ1989 ሳይንቲስቶች ባክቴሪያውን በመድኃኒት አጠቡት። ዕንቁላሎቹን ፈንገስ ጨረሳቸው! ባክቴሪያውን መለሱት። ተረፉ! ንጹሕ ይሁኑ ብሎ ማጠብ መግደል ሆኖ ያርፋል ብሎ ማን ጠረጠረ?

ሐምራዊ ባክቴሪያ አይተው ያውቃሉ? የአንዲት አሜሪካዊት ሳላማንደር ቆዳ ላይ ይኖራል። ሐምራዊው ቀለሙ ራሱ ፈንገስ ይገድላል! በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን እየፈጀ ያለ የቆዳ ፈንገስ አለ። ተመራማሪዎች በ2009 እንቁራሪቶችን በዚያ ሐምራዊ ባክቴሪያ አጠቧቸው። ከዚያ ፈንገሱን ለቀቁባቸው። የታጠቡት ዳኑ! ከሳላማንደር ወደ እንቁራሪት የተላለፈ ካባ!

የሌሊት ወፎችም ተራ ደርሷቸዋል! ከ2006 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ አፍንጫቸውን የሚያነጣ ፈንገስ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ጨርሷል። ዊስኮንሲን ውስጥ አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ተገብቶ ከሌሊት ወፎች ራሳቸው የተገኘ ባክቴሪያ ተረጨላቸው። ከክረምቱ የተረፉት ካልተረጩት ጋር ሲነጻጸሩ አምስት እጥፍ ገደማ ሆኑ!

ምሳ ላይ ከሆኑ የሚቀጥሉትን ጥቂት አንቀጾች ይዝለሏቸው! የኮዋላ ግልገል ቅጠል መብላት ከመጀመሯ በፊት ምን ትበላለች? ከእናቷ አንጀት የሚወጣ ለስላሳ ፋንድያ! የዝሆን ጥጃም የእናቱን ፋንድያ ይቀምሳል። የፈረስ ውርንጭላም እንዲሁ! ያለዚያ ቅጠሉን የሚፈጭላቸው ባክቴሪያ ከየት ይመጣል?

ማመስኳት ያቆመችን ላም የእንስሳት ሐኪሞች በምን እንደሚያድኗት ያውቁ ኖሯል? በሌላ ላም ጨጓራ ውሃ! ከጤነኛዋ ተቀድቶ ለታመመችው ይጋታል። አንዳንድ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ለዚሁ ሲሉ ጎኗ ላይ ክዳን ያለው ቀዳዳ የተሠራላት ላም ያኖራሉ! ክዳኑን ከፍቶ እጅን ማስገባት ነው!

ሰውም እንደ ላሟ ታክሟል! በ1958 ዴንቨር ውስጥ በከባድ የአንጀት ሕመም ሊሞቱ የደረሱ 4 ሰዎች የጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር በአንጀታቸው ተሰጣቸው። አራቱም ተረፉ! በ2013 ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ ክሎስትሪድየም ዲፊሲል የተባለው ጀርም እየተመላለሰ ያሰቃያቸው 16 ሰዎች ይህንኑ አገኙ። አሥራ አምስቱ ዳኑ! በቫንኮማይሲን ከታከሙት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ብቻ! ልዩነቱ እንዲህ ስለሰፋ ጥናቱ ሳይጠናቀቅ ቆመ!

አሁን በአሜሪካ ይኸው ነገር በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው! አንደኛው በ2022፣ በካፕሱል የሚዋጠው ደግሞ በ2023 ተፈቀደ። ካፕሱሉ አይሸትም ይባላል። እኔ ግን ለመሞከር አልቸኩልም!

ዘበኛውም አንዳንዴ ሌባ ይዞ ይገባል! በ2019 ሁለት ሰዎች በዚህ መንገድ መድኃኒት የተላመደ ኢ.ኮላይ ተላለፈባቸው፤ አንዱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የለጋሽ ዓይነ ምድር ለተላመዱ ጀርሞች ይመረመራል። ደም ለመስጠት ብቻ ነው ምርመራ ያለው ያሉ ይስሙ!

አንዱ ወታደር ደግሞ አለ! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጓደኞቹ ሁሉ በተቅማጥ ሲረግፉ እሱን ምንም አልነካውም። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስለ ገረመው። ከወታደሩ ዓይነ ምድር ኢ.ኮላይ አወጣ፤ በ1917 መድኃኒት አደረገው። ዛሬም ጀርመን ውስጥ ይሸጣል! ባክቴሪያው ጠላቶቹን ብረት ይነጥቃቸዋል፤ ጥቃቅን መርዝም ይረጭባቸዋል። ወታደር ሆድ ውስጥ የተገኘ ወታደር!

ስዊድን ውስጥ ደግሞ አንዲት ተማሪ ሽንቷ ውስጥ ለ3 ዓመት ባክቴሪያ ይዛ ኖረች። አላመማት! ተመራማሪዎች ያንን ባክቴሪያ ወስደው የሽንት ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው ሰዎች ፊኛ ውስጥ አስገቡት። የሚመላለሰው ሕመም ቀነሰ! ባክቴሪያ እንዳይገባ ባክቴሪያ ማስገባት!

የአሳማውን ወሬ ደብቄ ልለፍ አልኩ፤ አልሆነልኝም። በኅዳር 2015 ቻይና ውስጥ አሳማዎች ላይ አንድ ጂን ተገኘ። ኮሊስቲን የተባለውን የመጨረሻ መጠባበቂያ መድኃኒት ከንቱ የሚያደርግ! ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚዘል! ለምን አሳማ ላይ? ኮሊስቲን ለማድለቢያ መኖ ውስጥ ይጨመር ነበር! ቻይና በ2017 ከለከለችው። ስዊድን ማድለቢያ አንቲባዮቲክን በሙሉ የከለከለችው ግን በ1986 ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ሁሉ በ2006 ተከተላት። መኖ ውስጥ የተለቀቀውን ወንበር ከያዙት አንዱ ማን ነው? ፕሮባዮቲክ፣ ማለት ጠቃሚ ባክቴሪያ!

የሚጠጡት እርጎ ማሸጊያ ላይ ያለውን ስም አንብበውት ያውቃሉ? ቢፊዶባክቴሪየም አኒማሊስ የሚል ቢያገኙ አይደንግጡ! አኒማሊስ "የእንስሳ" ማለት ነው። ለዝርያው መለኪያ የሆነው ባክቴሪያ የተገኘው ከአይጥ ኩስ ነው! እርጎ ውስጥ ያለው የእሱ ታናሽ ዘመድ ነው። ይጠጡት፤ ምንም አይልዎትም!

ሩቴሪ የተባለው ላክቶባሲለስ ደግሞ ሰውም ውስጥ፣ አሳማም ውስጥ፣ ዶሮም ውስጥ፣ አይጥም ውስጥ አለ! ግን እያንዳንዱ ቤቱን ያውቃል፤ የአይጡ ከአይጥ፣ የሰው ከሰው ይስማማል። ግሊሰሪን ሲያገኝ ሩቴሪን የተባለ መርዝ ይሠራል። ባክቴሪያ ይገድላል፣ ፈንገስም ይገድላል!

ይኸው ሩቴሪ ያስደነገጠበት ቀንም አለ! ለሕፃናት ይሰጥ የነበረው አንዱ ዝርያ መድኃኒት የመላመድ ጂን ይዞ ተገኘ! ሁለት አንቲባዮቲኮችን የሚያመክን! ምን አደረጉ? ጂኖቹን የያዙትን የዲኤንኤ ቀለበቶች አውጥተው ጣሉና ባክቴሪያውን በአዲስ ቁጥር መለሱት። ትጥቅ አስፈትቶ መልሶ መቅጠር ይሏል ይህ ነው!

ወተት ካነሳን በ1928 ላክቶኮከስ ላክቲስ ሌሎችን የሚያቆም ነገር እንደሚያመርት ታወቀ። ኒሲን ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ወተት አልረጋ ብሎ የአይብ ሠሪዎችን ያበሳጨው እሱ ነበር! ዛሬ የታሸገ አይብ ላይ ኢ234 የሚል ቁጥር ካዩ እሱን እየበሉ ነው። ባለ አይቦቹን ያስለቀሰው ጥፋተኛ ዛሬ አይብ ጠባቂ ሆኖ ይበላል!

በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ የረጋው የእኛው እርጎስ? ማንም እርሾ ሳይጨምርበት ራሱ ይረጋል! ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳልሞኔላ ተጨምሮበት ታይቷል። ኮምጣጣነቱ ሲጨምር የጀርሙ መራባት ይገታል! ግን ሁሉም ወዲያው አይሞትም። አያቶቻችን ዕቃውን የሚያጥኑት ለሽታው ብቻ ነው የሚል ካለ አሁን ያስብበት!

የቀድሞው የሩሲያ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ተወላጅ ኢሊያ ሜችኒኮፍ በ1908 የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። እርጎ ዕድሜ ያስረዝማል ብሎ በየቀኑ የረጋ ወተት ይጠጣ ነበር! እርጎው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በ1905 ያገኘው ግን ወጣቱ ቡልጋሪያዊ ስታመን ግሪጎሮፍ ነው። ሜችኒኮፍ በ71 ዓመቱ አረፈ። ለዚያ ዘመን መጥፎ አይደለም!

አሁን ደግሞ የሚቃወም ነገር! እስራኤል ውስጥ ቫይስማን በተባለው ተቋም አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች ፕሮባዮቲክ ተሰጣቸው። አንጀታቸው ቶሎ ዳነ? በጭራሽ! ምንም ካልወሰዱት ይልቅ ዘገየባቸው! ከመድኃኒቱ በፊት የተቀመጠላቸው የራሳቸው ዓይነ ምድር የተመለሰላቸው ግን በቀናት ውስጥ ተመለሱ! ዓመቱ 2018 ነው። እንግዶቹ ወንበሩን ይዘው ባለቤቱን ደጅ አስቀሩት!

ሕንድ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒውን ይስሙ! ኦዲሻ በተባለው ክፍለ ሀገር 4,556 ጨቅላዎች በጥናት ተሳተፉ። ግማሾቹ ለ7 ቀን አንድ ላክቶባሲለስ ከሚመገበው ስኳር ጋር ተሰጣቸው። ደም መመረዝና ሞት በ40 በመቶ ቀነሰ! 9 በመቶ የነበረው 5.4 በመቶ ሆነ! በ7 ቀን! መርፌ ሳይወጉ!

ታይላንድ ገጠር ውስጥ 200 ሰዎች ተመረመሩ። ባሲለስ የተባለ ባክቴሪያ ሆዱ ውስጥ ያለበት ሰው ስታፊሎኮከስ ኦረስ አልተገኘበትም። አንድም ሰው ላይ! ባሲለሱ አይገድለውም፤ ጀርሞቹ እርስ በርስ የሚያንሾካሹኩበትን ምልክት ይቆርጥባቸዋል! በ2023 ባሲለስ ለሰዎች ሲሰጥ ዓይነ ምድር ውስጥ ያለው ስታፊሎኮከስ በ96.8 በመቶ ቀነሰ! አፍንጫ ውስጥ ያለውም በ65.4 በመቶ! ሆድ ሲጠበቅ አፍንጫ ይጸዳል!

ሚያዝያ 1862። አሜሪካ፣ ቴነሲ፣ ሻይሎ የተባለው የጦር ሜዳ። ጭቃ ውስጥ የወደቁ ቁስለኞች ቁስላቸው በጨለማ አበራ ይባላል! ያበራላቸው ቶሎ ዳኑ ተባለ፤ "የመልአክ ብርሃን" አሉት። በ2001 ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ግምት አመጡ፦ ፎቶራብደስ የተባለው የሚያበራ ባክቴሪያ ይሆናል! አፈር ውስጥ ባለ ትል ሆድ ይኖራል፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ምግቡን እንዳያበላሹበት አንቲባዮቲክ ይረጫል!

ብርሃኑ ግምት ነው፤ አንቲባዮቲኩ ግን እውነት ነው! በ2019 ከዚያው ከፎቶራብደስ ወገን ዳሮባክቲን የተባለ አዲስ ንጥረ ነገር ወጣ። መድኃኒት የተላመዱ ኢ.ኮላይንና ክሌብሲየላን አይጦች ውስጥ አሸነፈ! ባክቴሪያው ትሉን ሳይመርዝ ሆዱ ውስጥ ስለሚኖር ያመረተው መርዝም ለሚያኖረው እንስሳ የዋህ ቢሆን አይገርምም።

የዚያ የትል ዕጭ ርዝመትስ? ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ!